«በረሃ» እና የከተማ ሴት ሥራ፦ ከውቤ በረሃ እስከ ሱጴና መቱ

በአማርኛ «በረሃ ገባ» ማለት ሸፈተ ማለትም ነው። ቃሉ አሸዋንና ሐሩርን ብቻ ሳይሆን ዘመድና ዳኛ የማይደርሱበትን ስፍራ ሁሉ ያመለክታል። ደጋ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ሰፈር «ውቤ በረሃ» ሲባል፣ ሰሚው የሚረዳው ይህንኑ ሁለተኛውን ፍቺ ይመስለኛል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ፍቺው ከሰፈር ስም አልፎ የሒስ መለኪያ እንደሆነና በማደግ ላይ ባለች ከተማ የሚኖሩ ሴቶች የሚሠሩትን ሥራ እንደጋረደብን ነው።

ወደዚህ ሐሳብ የመራችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ከቤተሰቧ ተለይታ ከተማ ገብታ መጠጥ ቤት ስለከፈተች ገጸ ባሕርይ በተናገርሁ ቁጥር «የወደቀች ሴት» የሚለውን አገላለጽ ለዓመታት ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ተማሪዋ በፈተና ወረቀቷ ኅዳግ ላይ «እናቴ መቱ ውስጥ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። የወደቀችው የት ላይ ነው?» ብላ ጻፈች። መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ወደ መጻሕፍቱ ተመለስሁ።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በውቤ በረሃ የሌሊት ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚያስታውሰው በድፍረቱ ነው፤ ሳይታተም ለረጅም ዘመን መቆየቱም ይህንኑ ዝና አጠንክሮታል። ድፍረቱን ወደ ጎን አድርጎ ለሚያነብ ግን ሌሊቱ የሥራ ሰዓት፣ ክፍሉም የሥራ ቦታ ነው። ደራሲው በሴቶቹ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም። ከዚህ አንጻር ሲታይ ስብሐት «በረሃ» የተባለውን ስፍራ ሰው የሚኖርበትና የሚተዳደርበት ሰፈር አድርጎ አሳይቶናል። ይሁን እንጂ የሚያተኩረው በሌሊቱ ላይ በመሆኑ፣ ከተማይቱን ቀን ቀን የሚያቆማት የሴቶች ሥራ ከትረካው ዳር ይቀራል።

ከውቤ በረሃ ወደ ኢሉባቡር ስንዞር በተቃራኒው አረንጓዴና ዝናባም መቼት እናገኛለን። በሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ «የኅሊና ደወል»ን በ1966 ዓ.ም. አሳተመ፤ ይህንኑ ታሪክ አስፍቶ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» በሚል ርእስ እንደገና አቀረበው። ታሪኩ ወደ ሱጴ የመጣው መምህር ሀዲስ ሳህሌ ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚያደርገውን ትግል ይከተላል። እዚህ ዕድገት የሚለካው በሚቆመው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲቆም ግን ውሃ የቀዳው፣ እንጀራ የጋገረው፣ ቡና ያፈላው ማን ነው? ትልሙ የመምህሩ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሥራ ቢጠቀስ እንኳ የመቼት ማድመቂያ ይሆናል እንጂ ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ድርጊት አይሆንም። በእኔ እምነት የሒሳችን ችግርም እዚህ ላይ ነው። የከተማ ሴትን ሥራ የምናነበው ወይ እንደ ኃጢአት ወይ እንደ መቼት ነው።

ልቦለድ የሥራ ጉዳይ ሪፖርት አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። እኔም ደራሲው ያልጻፈውን እንዲጽፍ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሃያሲው የተጻፈውን በሌላ ዓይን እንዲያነብ ነው። የኢሉባቡር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ከዞረ በኋላ፣ ይልቁንም ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ፣ መቱ ሰፍታለች። የሰፋችው በሕንጻ ብቻ አይደለም። እንጀራ ጋግራ የምታቀርበው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ቡና ለቃሚዋ፣ በዝናብ ላስቲክ ወጥራ በጀበና የምታፈላው፣ አንዲት ክፍል ከፍላ የምታከራየውም አስፍተዋታል። አብዛኞቹ በገበያ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ የሚጻፍ ታሪክ ድምፃቸውን ሲያመጣ ምን እንደሚያጎድል መጠየቅም የሃያሲው ሥራ ነው።

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ ብቻም አይደለም። ዛሬ ከአገራችን ገጠሮችና ትንንሽ ከተሞች የሚወጡ ሴቶች የሚሄዱት ወደ እውነተኛው በረሃ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው በሰው ቤት ሲሠሩ የቆዩ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በእነዚያ ከተሞች ሕፃን ያሳደጉት፣ ሽማግሌ የጦሩት፣ ምግብ ያበሰሉት እነርሱ ናቸው። ስለ እነርሱ የሚጻፈውን ልቦለድ በቆየው መለኪያ ከመዘንነው፣ ወይ ተጎጂ ወይ የወደቀች ብለን እንዘጋዋለን፤ ሠራተኛነቷ ከገጹ ላይ ይጠፋል።

«የወደቀች ሴት» የሚለውን ሐረግ ከማስተማሪያ ማስታወሻዬ ሰርዣለሁ። በምትኩ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦ ገጸ ባሕርይዋ ስትነቃ ስንት ሰዓት ነው? የምትሠራው ምንድን ነው? ያገኘችውን ገንዘብ ማን ይይዘዋል? ተራኪው ይህን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን በእነርሱ ስንጀምር፣ ለዓመታት አንብቤያቸው ያለፍኋቸው ገጾች ቆም አድርገውኛል። የተማሪዋን ወረቀት እስከ ዛሬ አልመለስሁላትም፤ ኅዳጉ ላይ የምጽፈው መልስ ይኸው ነው።