ሕዝብማ ሆ ይላል
ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልስ ከሁሉ የሚያደክሙኝ ወፍራምና ከባድ ድምፅ የሚነገርባቸው ቃላት ናቸው፦ ሮር፣ ራምብል፣ ቡም፣ ሰድ። ጀማሪ ሳለሁ አራቱንም «ከፍተኛ ድምፅ» እያልኩ አልፋቸው ነበር። ሽሽት ነበር።

አንድ ጊዜ የኳስ ሜዳ ታሪክ ተርጉሜ «ሕዝቡ አገሣ» ያልኩትን ለእናቴ አነበብኩላት። ስፌቷን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ «ልጄ፣ የሚያገሣው አንበሳ ነው፤ ሕዝብማ ሆ ይላል» አለችኝ። እንግሊዝኛ ሮርን ለአንበሳም፣ ለፏፏቴም፣ ለሞተርም፣ ለሕዝብም ይሰጣል። እኛ ድምፁን ከባለቤቱ አንነጥልም፦ አንበሳ ያገሣል፣ በሬ ያጓራል፣ ዳገት የያዘው የጭነት መኪናም እንደ በሬው ያጓራል፣ ጢስ ዓባይ በክረምት ያስገመግማል። ከዚያ ወዲህ ሮር ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «የማን ድምፅ ነው?» ብዬ ነው።

ሰድና ቡም ይቀላሉ። ጤፍ የሞላ ጆንያ ከጋሪ ሲወርድ ዱብ ይላል፤ መሬቱ ድምፁን ይውጠዋል፤ ሰድ ይኸው ነው። ቡም ግን ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ የከበሮው ሰፊ አፍ ሲመታ ድም ብሎ እንደሚቆየው።

ራምብልን ያስተማረኝ የአዘዞ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ መብረቅ ከአጠገባችን ሲወርድ ጓ! ብሎ ቆርቆሮውን ያነቃንቀዋል። ያንኑ መብረቅ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ሲሰማው ሰማዩ ያስገመግማል። መብረቁ ራሱ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም በመሆኑ ከቅርብና ከሩቅ ጫፉ የሚነሣው ድምፅ እኩል አይደርስም፤ ቀጭኑን ደግሞ አየሩ መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙ ብቻ እየተንከባለለ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመውን የወልፍ ሌስላውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የምወደው ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ስለሚያሳይ ነው። ሰሚው የት እንደቆመ ግን ራሴ መፈለግ አለብኝ።

ሰሞኑን በያዝኩት ታሪክ ውስጥ ታንደር የሚል ቃል ገጠመኝ፤ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይናገርም። «ጓ አለ» ብዬ ጽፌ ስቀጥል፣ አራት መስመር ዝቅ ብሎ ልጅቷ ብልጭታውን አይታ ድምፁ እስኪደርስ እስከ ዘጠኝ ትቆጥራለች። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በዘጠኝ ሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ተመልሼ ሰረዝኩትና «ሰማዩ አስገመገመ» ብዬ ጻፍኩ።