ሽለላ በሳክስፎን፦ የጌታቸው መኩሪያ የድርሰት መንገድ

ስለ ሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጽፉ የባሕር ማዶ ሐያስያን ጌታቸው መኩሪያን ባነሡ ቁጥር አሜሪካውያኑን ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን አስከትለው መጥራት ልማድ አድርገውታል፤ ምክንያታቸውም የጌታቸው ሳክስፎን ጩኸት፣ የድምፃቸው መንቀጥቀጥና ከምት እስራት የወጣው አነፋፋቸው «ነጻ ጃዝ» የተባለውን ስልት የሚመስል፣ በዘመንም የሚቀድመው መሆኑ ነው። ንጽጽሩ ከአክብሮት የመነጨ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምንጩን ትቶ አምሳያውን መፈለግ ፍርድን ያዛባል፤ የጌታቸው አነፋፍ ሥሩ ሽለላ ነውና።

መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለዱት ጌታቸው ወደ ሳክስፎንና ወደ ክላርኔት የተሻገሩት ክራርና መሰንቆ ከተጫወቱ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ መሰንቆ የአዝማሪውን ቃል እየተከተለ፣ ሲያሻውም እየቀደመ የሚናገር መሣሪያ በመሆኑ፣ በእርሱ የተገራ ጆሮ የነሐስ መሣሪያ ቢይዝም ልሳን መፈለጉን አይተውም። ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነሥተው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የፖሊስ ኦርኬስትራ ባልደረባ ሆኑ።

እዚህ በጫግኒና በመላው የአገው ምድር ለምንኖር ሰዎች ሽለላ በመጽሐፍ የምናውቀው ነገር አይደለም፤ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ የዓድዋ ዘማቾች ዝክር ከፈረሱ ግልቢያ ጋር ዛሬም ይታደሳል፤ ፉከራውም በየሰርጉና በየበዓሉ ይሰማል። ሸላዩ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ድንገት ቃላቱን እያጣደፈ ወርዶ፣ ዝም ብሎ፣ ደግሞ ይነሣል፤ የሚገዛውም የከበሮ ምት ሳይሆን የንግግሩ ኃይል ነው። ጌታቸው ያደረጉት ቃሉን አስቀርተው መውጣት መውረዱን፣ ዝምታውንና ቁጣውን ለቴነር ሳክስፎን መስጠት ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዜማ የንባብ አገልጋይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ድፍረት ትልቅ ነው፤ ንባብ የሌለው ዜማ ራሱ ንባብ ሆኖ ቆሟልና። ለምድና ጎፈር ለብሰው መድረክ ላይ የሚወጡበትም ጊዜ ነበር፤ ይህን እኔ ጌጥ አልለውም፤ ነፊው የሸላዩን ማዕረግ መረከቡን የሚያውጅ ነው። ድርሰትን በኖታ ወረቀት ብቻ የሚለኩ ሰዎች እርሳቸውን «ተጫዋች» ብለው ማለፋቸው ስሕተት የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ አንድን የቃል ዜማ ወደ ሌላ ልሳን አሸጋግሮ ቅርጹን መወሰን የደራሲ ሥራ ነው።

«የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የተሰኘው ሸክላቸው ከሽለላው ጎን «አካሌ ውቤ»ንና አምባሰልን ይዟል፤ በሁሉም ሳክስፎኑ የዘፋኙን መንበር ይዞ ይሰማል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ባዘጋጀው የሙዚቃ ተከታታይ «ኢትዮፒክስ» 14ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2003 ዳግመኛ ከታተመ በኋላ፣ የኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አምስተርዳም ጠራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የዚሁ ኅብረት ፍሬ ነው። የፓንክ ባንዱ ጊታር ከሰባ ዓመት አዛውንት ሽለላ ጋር ሲገጥም ጊታሩ እንጂ ሽለላው አልተለወጠም።

ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራቸውን የምናጠና ሁሉ ከኮልማን ሸክላ አስቀድመን በየወረዳው ያሉ አረጋውያን ሸላዮችን ድምፅ እንቅረጽ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችንም ያን ቅጂ ከጌታቸው ቅጂ ጋር አጣምረው ለሳክስፎን ተማሪዎቻቸው ያስተምሩት።