በሁለቱ ባሕሮች መካከል ያለው ግርዶ፦ የዳራ ሺኮህ ንጽጽር ስለ ሰው እውነተኛ ማንነት

«ሃይማኖቶች የሚለያዩት በውጫዊ ሥርዓታቸው ነው፤ ስለ ሰው ውስጣዊ ማንነት የሚያስተምሩት ግን አንድ ነው» የሚለው አስተያየት ዛሬ በብዙ መድረኮች ይደመጣል። አስተያየቱን ለመደገፍ ከሙስሊም ጸሐፊዎች ሥራ ከሚጠቀሱት አንዱ የሙጋሉ ልዑል ዳራ ሺኮህ በ1065 ዓ.ሒ. (1655 እ.ኤ.አ.) በፋርስኛ ያዘጋጀው «መጅመዑል በሕረይን» ነው። የኪታቡ ስም «የሁለቱ ባሕሮች መገናኛ» ማለት ሲሆን፣ ባሕሮቹም የሱፊዎችና የሕንድ ሊቃውንት ዕውቀት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ኪታቡ ስለ ሩሕ በሚናገርበት ክፍል ያቀረበውን እኩልነት ብቻ ነው። ደራሲው በዚያ ክፍል ሩሕን «ኣትማ»፣ «አቡል አርዋሕ» (የሩሖች አባት) የሚለውን ደግሞ «ፓረማትማ» ይለዋል።

በቅድሚያ ለደራሲው የሚገባውን መስጠት ፍትሕ ነው። ዳራ ሺኮህ የሌላውን ሃይማኖት ከባላንጣዎቹ አፍ አልሰማም፤ ከሕንድ ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ተማረ፤ በ1657 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኡፓኒሻዶች ወደ ፋርስኛ እንዲተረጎሙ አደረገ። በ1659 እ.ኤ.አ. የተገደለው ከወንድሙ ከአውረንግዜብ ጋር ባደረገው የዙፋን ትግል ተሸንፎ ነው። በእምነቱ ላይ የቀረበው ክስም ከዚያ ትግል የሚነጠል ባለመሆኑ፣ ኪታቡን በዚያ ፍርድ መመዘን አይገባም። መመዘን ያለበት በያዘው ሐሳብ ነው።

ሐሳቡን ለመመዘን ደግሞ ከቃላቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ እያንዳንዱ ትምህርት የሰው ሕመም ምንድን ነው ይላል? በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረው ሻንካራ እንዳስተማረው ከሆነ፣ ሕመሙ አለማወቅ ነው። በጨለማ ገመድ ያየ ሰው እባብ ነው ብሎ እንደሚደነግጥ ሁሉ፣ ሰውም የሥጋውንና የሐሳቡን ጠባይ በ«ኣትማን» ላይ ደርቦ ራሱን ውስን ፍጡር አድርጎ ያያል። ዕውቀት ሲበራ እባቡ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ «ኣትማን» ከፍጹሙ እውነታ፣ ከ«ብራህማን»፣ የተለየ እንዳልነበረ ይታወቃል። በዚህ ትምህርት ውጫዊው ገጽታ የዕይታ ስሕተት ነው።

ኢማሙል ገዛሊ (505 ዓ.ሒ./1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በ«ኢሕያእ ዑሉሚድዲን» ስለ ቀልብ አስደናቂ ነገሮች በጻፉት ክፍል የሚያቀርቡት ምሳሌ ሌላ ነው። ቀልብ መስተዋት ነው ይላሉ፤ መስተዋትም ምስልን የማያሳይባቸውን አምስት ምክንያቶች ይዘረዝራሉ። እነዚህም ገና ተሠርቶ አለማለቁ፣ መዛጉ፣ ፊቱ ከሚታየው ነገር መዞሩ፣ በመካከል ግርዶ መኖሩ፣ ምስሉ የሚገኝበት አቅጣጫ አለመታወቁ ናቸው። አለማወቅ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ዝገቱ ግን የኃጢአትና የስሜት ዝገት ነው፤ የሚጠረገውም በመታዘዝና ከስሜት ጋር በሚደረግ ትግል ነው። ከሁሉም በላይ፣ መስተዋት የቱንም ያህል ቢጠራ የሚያሳየውን ነገር ሆኖ አይገኝም። ገዛሊ «አል-መቅሰዱል አስና» በተባለው ኪታባቸው ባሪያ ከጌታው ጋር አንድ ይሆናል የሚለውን አባባል የሚቃወሙትም ይህን ወሰን ለመጠበቅ ነው።

እንግዲህ ዳራ ሺኮህ እኩል ያደረጋቸው ቃላት የሚኖሩት በሁለት የተለያዩ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሕመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በአንደኛው ባሕር ውስጥ እንኳ ስምምነት የለም፤ ከሻንካራ በኋላ የተነሣው ማድቫ ያንኑ ቅዱስ ጽሑፍ ተርጉሞ ነፍስና ፈጣሪ ለዘላለም የተለያዩ ናቸው ብሏል። ቡድሂዝም ሲጨመር ደግሞ እኩልነቱ ፈጽሞ ይፈርሳል፤ በዚያ ትምህርት ሰው የአምስት ተለዋዋጭ ክምችቶች ድምር ነው፤ ከእነርሱ በስተጀርባ የማይለወጥ «እኔ» አለ ብሎ ማመን ራሱ የመከራ ሥር ነው። አንዱ እውነተኛውን ማንነት ፈልጉ ሲል ሌላው ፍለጋውን ተዉ ይላል።

የተሻለውን መንገድ ከዳራ ሺኮህ ስድስት መቶ ዓመታት በፊት አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ አሳይቷል። በ1030 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ሕንድ በጻፈው ሥራው ሳንስክሪት ተምሮ የሕንዶችን አስተሳሰብ እነርሱ እንደሚሉት አቀረበ፤ ከግሪኮችና ከሱፊዎች ንግግር ጋር የሚቀራረበውንም ጎን ለጎን አስቀመጠ። መመሳሰልን አልካደም፤ መመሳሰልን ግን አንድነት አላለውም።

እውነተኛው መቀራረብ የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው። ገዛሊ ሪያእን ሲመረምሩ የሚፈሩት የሰው ዓይን አምልኮን እንዳይሰርቅ ነው፤ ወንጌልም ለመታየት ብለው በአደባባይ የሚጸልዩትን ይገሥጻል። በአማርኛ አንዱ «ሪያእ» ሌላው «ግብዝነት» ቢለውም፣ ሁለቱም ስለ አንድ በሽታ ይናገራሉ። እዚህ ላይ ውጫዊው ገጽታ የተበላሸው በኒያ ነው፤ ባለቤቱም ይጠየቅበታል።

ጉዳዩ ለኢማሞችና ለኡስታዞች የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። ውጫዊው ሁሉ መጋረጃ ብቻ ከሆነ፣ አንዱ «ውስጤ ንጹሕ ነው» ብሎ ሶላቱን ይተዋል፤ ሌላው ደግሞ «ውስጡን አውቀዋለሁ» ብሎ ሙስሊም ወንድሙን ሙናፊቅ ይላል። የኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ታሪክ ለሁለተኛው ምላሽ ይሰጣል። በጦር ሜዳ የተውሒድን ቃል የተናገረውን ሰው፣ ከፍርሃት የተነሣ ነው ብለው በገደሉት ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልቡን ሰንጥቀህ አይተሃልን በሚል ጥያቄ ክፉኛ ወቀሷቸው። በሸሪዓ ከአፍ የወጣ ቃል የሰው ደም የሚጠበቅበት ሐቅ ነው። የልቡን ጉዳይ አላህ ይፈርደዋል፤ ለእኛ የተሰጠን የሚታየው ነው። ለመጀመሪያውም ምላሹ ከገዛሊ መስተዋት አይርቅም፤ ያልተጠረገ ዝገት «ንጹሕ ነኝ» በማለት አይለቅም።

ስለዚህ ደረሳ «ሁሉም ስለ ውስጣዊው ሰው አንድ አይደሉምን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በቁጣ ዝም ማሰኘትም ሆነ ፈጥኖ «አዎን» ማለት አያስተምረውም። ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይበጃል፤ ይህ ትምህርት የሰውን ሕመም ምን ይለዋል? የሚጠየቀው ማን ነው? ለሚታየው ሥራስ ምን ቦታ ይሰጠዋል? ዳራ ሺኮህ ለኪታቡ የመረጠው ስም ከሱረቱል ከህፍ የተገኘ ነው። ስለ ሁለቱ ባሕሮች መገናኘት የሚናገረው ሱረቱር-ረሕማን ግን በመካከላቸው የማይተላለፉት ግርዶ መኖሩንም ያወሳል። መገናኛውን የሚያስተምር ኡስታዝ ግርዶውንም ማሳየት ይጠበቅበታል።