«ጥሪ ማስተላለፍ» እና «የደዋይ ማንነት»፦ በሁለት የቢሮ ስልክ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ስልክ ከመደወልና ከመነጋገር ያለፈ ተግባር ማከናወን ከጀመረ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጸሐፊ ከቢሮዋ ስትወጣ ወደ እርሷ የሚመጣው ጥሪ ወደ ሌላ ክፍል እንዲሄድ መሣሪያውን አስቀድማ ታዛለች፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጀታውን ከማንሣቱ በፊት ከየትኛው ቁጥር እንደተደወለለት በስልኩ ገጽ ላይ ያነባል። ይህን ለማስረዳት በአማርኛ የሚዘጋጁ መመሪያዎችም አሉ። ቋንቋችን ለአዲስ መሣሪያ አዲስ ስያሜ ሲያቀርብ ማየት የሚያስደስት ነው። ሆኖም ስያሜ መገኘቱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስያሜው ተጠቃሚውን ወደ ትክክለኛው ተግባር የሚመራ መሆን አለበት።

ለዚህ ሒስ መነሻ የሆነን በአንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞች የታደለ፣ ጥቂት ገጾች ያሉት የስልክ መመሪያ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የአዘጋጁን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጉድለቱ የአንድ ሰው አይደለምና። የመመሪያው ዐረፍተ ነገሮች ጥርት ያሉ ናቸው፤ ፊደሉ በጥንቃቄ ታርሟል፤ የቁልፎቹም ሥዕል በየቦታው ገብቷል። ነቀፌታችን ያረፈው በሁለት ስያሜዎች ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም «ጥሪ ማስተላለፍ» እና «የደዋይ ማንነት» ናቸው። ሁለቱም ከዚህ መመሪያ ውጭ የሚሠራባቸው ስለሆኑ መመርመራቸው ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከስሙ ለይተን እንመልከት። ወደ አንድ ስልክ የመጣን ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ ማድረስ በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው፣ ተቀባዩ ስልኩን አንሥቶ ከደዋዩ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ያንኑ አንድ ጥሪ ለሌላ ሰው የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛው፣ ገና ማንም ሳይደውል፣ ወደፊት የሚመጡት ጥሪዎች ወደ ሌላ መስመር እንዲሄዱ መሣሪያው አስቀድሞ የሚታዘዝበት ነው። የመጀመሪያው ጥሪው ሲያበቃ አብሮ ያበቃል፤ ሁለተኛው ግን ትእዛዙ እስኪሰረዝ ድረስ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በደረጃ ሰነዶቹ ሁለቱን እንደ ተለያዩ አገልግሎቶች ይደነግጋቸዋል። በእጃችን ያለው መመሪያ ግን አንዱን በፊተኛው ክፍል፣ ሌላውን በኋለኛው ክፍል እያስረዳ፣ ለሁለቱም «ጥሪ ማስተላለፍ» የሚል አንድ አርእስት ሰጥቷቸዋል።

የዚህን ውጤት በዓይናችን አይተናል። አንዲት ጸሐፊ ለኃላፊው የመጣን አንድ ጥሪ ወደ ሒሳብ ክፍል ልትልክ ፈልጋ መመሪያውን ገለጠች፤ «ጥሪ ለማስተላለፍ» የሚለውን አርእስት አገኘች፤ የተጻፉትንም ቁልፎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ተጫነች። ያገኘችው አርእስት ሁለተኛውን አገልግሎት የሚመለከት ነበርና፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለኃላፊው የሚደወለው ሁሉ በሒሳብ ክፍል ይጮኽ ጀመር። ነገሩ የታወቀው በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ጉዳያቸው የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ ከሩቅ ወረዳ የደወሉ ባለጉዳዮች «ተሳስተዋል፤ ይህ ሒሳብ ክፍል ነው» እየተባሉ ስልኩ ተዘግቶባቸዋል። ጸሐፊዋም ብርቱ ወቀሳ ደረሰባት። በእኛ አስተያየት ወቀሳው የሚገባው ለስያሜው ነበር።

«አስተላለፈ» የሚለው ግስ በዛሬው አማርኛ ብዙ ሸክም ያለበት ነው። መልእክት ይተላለፋል፤ ውሳኔ ይተላለፋል፤ ዝግጅት በሬዲዮ ይተላለፋል፤ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ቀጠሮም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ከዚህም በላይ «ጥሪ አስተላለፈ» የሚለው ሐረግ ራሱ የጸና ሌላ ፍቺ አለው። ጋዜጣ «ለሕዝቡ ጥሪ አስተላለፉ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢው የሚረዳው ሕዝቡ ለአንድ ተግባር እንዲነሣ መጠየቁን ነው። በዚህ ፍቺ ጥሪው ከአስተላላፊው ይመነጫል፤ በስልኩ ፍቺ ግን ጥሪው ከሌላ ሰው ተነሥቶ ለማለፍ ይመጣል። ስለዚህ ሐረጉ ሁለቱን አገልግሎቶች ለይቶ አለማሳየቱ ሳያንስ፣ ጥሪው ከማን እንደሚነሣ እንኳ ለጀማሪ አያመለክትም።

የሚያስገርመው ግን የሠራተኛው የዘወትር አነጋገር ከመመሪያው ይልቅ የጠራ መሆኑ ነው። ደዋይ ከጸሐፊ ጋር ሲነጋገር «እባክዎ ከሒሳብ ክፍል ጋር ያገናኙኝ» ይላል እንጂ «ያስተላልፉኝ» አይልም። ለዕረፍት የሚወጣ ሠራተኛም «ስልኬን ዳይቨርት አድርጌዋለሁ» ይላል። የመጀመሪያው የራሳችን ቃል ነው፤ ሁለተኛው የተውሶ ነው። ነገር ግን «አገናኙኝ» እና «ዳይቨርት» የሚሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲሳሳቱ አላየንም። ባዕድ ቃል በመጥላት ብቻ የሚቀርብ አቻ ቃል፣ የነበረውን ግልጽነት የሚያጠፋ ከሆነ፣ ለቋንቋው አገልግሎት ሰጠ ለማለት ያስቸግራል።

በበኩላችን ለመጀመሪያው አገልግሎት «ጥሪ ማገናኘት» የሚለውን እንደግፋለን። «ማሻገር» የሚለውንም መዝነነዋል። ደዋዩን እጁን ይዞ ወንዝ እንደ ማሻገር ስለሆነ ምስሉ ያማረ ነው፤ ሆኖም ስልክ ይዞ የሚናገረው የሚቀርበን በስልክ ጠረጴዛ አጠገብ አላገኘንም። ሰው በአፉ የያዘው ቃል ሳለ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ለሁለተኛው አገልግሎት ደግሞ «ጥሪ ማዛወር» የሚለውን እናቀርባለን። ሠራተኛ በደብዳቤ ይዛወራል፤ ገንዘብ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይዛወራል። በዚህ ግስ ውስጥ ትእዛዝ እንዳለ፣ ትእዛዙም በሌላ ትእዛዝ እስኪሻር ድረስ እንደሚጸና ሁሉም ያውቃል። አገልግሎቱ የሚሠራውም ልክ እንደዚሁ ነው።

የ«ማዛወር» ሌላው ጥቅም ለርባታ መመቸቱ ነው። በዓለም አቀፉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ደረጃ አራት የማዛወር ዓይነቶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ መለያ ቁጥር አለው። 21 ማናቸውንም ጥሪ፣ 67 መስመሩ ሲያዝ የመጣውን፣ 61 ስልኩ ሳይነሣ የቀረውን፣ 62 ስልኩ ከመረብ ውጭ ሲሆን ወይም ሲጠፋ የመጣውን ይመለከታል። የቢሮ ስልኮች ቁልፍ በየአምራቹ ቢለያይም፣ የቢሮ ማዞሪያዎች ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በብዛት ያውቃሉ። መመሪያው እነዚህን «ቅድመ ሁኔታዊ» እና «ቅድመ ሁኔታ አልባ» በሚሉ ከባድ ቃላት ሊገልጽ ይሞክራል። «ሁሉን ማዛወር»፣ «ሲያዝ ማዛወር»፣ «ሳይነሣ ማዛወር»፣ «ሳይገኝ ማዛወር» ቢባል ግን ማንም ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። አንዱ ስልክ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ተመልሶ ወደ አንደኛው ሲዛወር ለሚፈጠረውም ችግር ከዚያው ከ«ዞረ» ዘር «አዙሪት» የሚል የታወቀ ቃል አለን።

ይህ ልዩነት ከቢሮ ሥርዐት አልፎ የሰውን ንብረት የሚነካበት ጊዜ አለ። በብዙ አገሮች የታወቀ አንድ የማታለያ ስልት አለ፤ አታላዩ የጥገና ሠራተኛ መስሎ ይደውልና «ይህን ቁጥር ይጫኑ» ብሎ በ*21* የሚጀምር ትእዛዝ ያስጽፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተታላዩ ጥሪ ሁሉ፣ ባንክ በድምፅ የሚነግረው የምስጢር ቁጥር ሳይቀር፣ ወደ አታላዩ ይሄዳል። በስልኩ ገጽ ላይ «ጥሪ ማስተላለፍ ተሳክቷል» የሚል ቃል ቢወጣ ሰውየው መልእክቱ የደረሰለት መስሎት ሊያመሰግን ይችላል። «ጥሪዎ ሁሉ ተዛውሯል» የሚል ቢወጣ ግን «ወደ ማን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትእዛዙን ለመሻርም ##002# መጫን ይበቃል፤ ነገር ግን የሚሽረው ምን እንደሆነ ያልተረዳ ሰው አይሽረውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስያሜ እንለፍ። «የደዋይ ማንነት» የተባለው፣ አንዳንድ ጊዜም «የደዋይ መታወቂያ» የሚባለው፣ በገበያ «ኮለር አይዲ» በሚል ስም የታወቀው አገልግሎት ነው። የገበያው ስም ደዋዩን እናሳውቃለን ይላል። ዓለም አቀፉ ኅብረት ግን ይህንኑ አገልግሎት በሰነዱ ሲሰይመው «የደዋዩን መስመር መለያ ማቅረብ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ነው የሰጠው። የሚለየው መስመሩ ነው፤ ሰውየው አይደለም። የአማርኛው ተርጓሚ ከሁለቱ ስሞች የገበያውን መርጦ፣ ከገበያውም አንድ እርምጃ አልፎ «ማንነት» ብሎታል።

በስልኩ ገጽ ላይ የሚታየው በእውነቱ ምንድን ነው? በሰሜን አሜሪካ ተራ የመዳብ መስመር ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደወል መካከል በድምፅ ምልክት የሚላክ አኀዝ ነው። ዲጂታል መስመር ባላቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከጥሪው ጋር አብሮ የሚሄደውን ቁጥር የሚጽፈው የመሥሪያ ቤቱ ማዞሪያ ራሱ ነው፤ የውስጥ መስመሩን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ዋና ቁጥር እንዲያሳይ፣ ወይም ምንም እንዳያሳይ የሚወስነው ማዞሪያውን ያዘጋጀው ባለሙያ ነው። በቢሮ ውስጥ ስልኮች ላይ የሚወጣውም ስም በዚሁ ባለሙያ እጅ የተመዘገበ ነው፤ ሠራተኛው ተቀይሮ ስሙ ሳይቀየር ሊቆይ ይችላል። በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ «እናቴ» ወይም «አለቃዬ» የሚለው ቃል የሚወጣው ደግሞ ባለስልኩ ራሱ ከቁጥሩ ጎን ስለ ጻፈው ነው። ቁጥሩ በሐሰት ቢላክ የሚወጣው ያው የታመነው ስም ነው።

ሁለቱ አገልግሎቶች ሲገናኙ ስሕተቱ ይብሳል። ከቢሮ ወደ ውጭ የተዛወረ ጥሪ በመጨረሻው ስልክ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ማዞሪያው አዘገጃጀት፣ የመጀመሪያው ደዋይ ቁጥር ወይም ያዛወረው ቢሮ ቁጥር ይታያል። በኋለኛው አዘገጃጀት «የደዋይ ማንነት» ብሎ መመሪያው የሚጠራው ነገር የሚያሳየው ያልደወለውን ነው።

«መታወቂያ» የሚለው ቃል ደግሞ በአገራችን ፎቶግራፍ ያለበት፣ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወይም ካርድ ያስታውሳል፤ ከጀርባው የሚመሰክር ባለሥልጣን አለ። ለስልክ ቁጥር ግን እንዲህ ያለ መስካሪ ብዙ ጊዜ የለውም። በአሜሪካ ሰውን ለማታለል ሆን ብሎ የሐሰት ቁጥር ማሳየትን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ መጽደቁ፣ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎችም በኢንተርኔት አሠራር በሚሄዱት መረቦቻቸው ላይ ቁጥሩን የሚያረጋግጥ ሥርዐት እስከ ጁን 30 ቀን 2021 እንዲተክሉ መታዘዛቸው፣ የሚታየው ቁጥር በራሱ ማስረጃ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነው።

ስያሜው በንጹሕ ሰው ላይም ጥላ ይጥላል። ቁጥሩ እንዳይታይ የሚያደርግ ደዋይ በመመሪያው «ማንነቱን የደበቀ» ተብሏል። በአማርኛ ማንነቱን የደበቀ ሰው ተጠርጣሪ ነው። የግል ስልኩን ለበሽተኛ መስጠት የማይፈልግ ሐኪም ግን ቁጥሩን ሰውሮ ይደውልና እጀታው እንደ ተነሣ ስሙን ይናገራል። የሰወረው መስመሩን ብቻ ነው።

ምናልባት «ቃል ከጥንት ፍቺው መራቁ የተለመደ ነው፤ ‹ስልክ› ራሱ ከዐረብኛ ሲመጣ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን ስልክ ብንል ማን ተጎዳ?» የሚል ይኖራል። መከራከሪያው የሚናቅ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመሣሪያው ጋር የተስፋፋው ይህ ቃል ሽቦነቱን ረስቷል፤ ስለረሳውም ማንንም አያሳስትም። «ማንነት» እና «ማስተላለፍ» ግን የድሮ ፍቺያቸውን አልረሱም፤ በየቀኑ የምንናገርባቸው ሕያዋን ቃላት ናቸው። የሚያሳስተውም ይህ ሕያውነታቸው ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ጥሪ ማገናኘት፦ የተነሣን አንድ ጥሪ ለሌላ ተቀባይ መስጠት።

ጥሪ ማዛወር፦ ወደፊት የሚመጡ ጥሪዎች ወደ ሌላ መስመር እንዲሄዱ አስቀድሞ ማዘዝ፤ ዓይነቶቹም ሁሉን፣ ሲያዝ፣ ሳይነሣ፣ ሳይገኝ።

ዝውውር መሻር፦ የማዛወር ትእዛዝን ማንሣት።

የደዋይ መስመር ማሳያ፦ የተደወለበትን መስመር ቁጥር በተቀባዩ ስልክ ላይ የሚያቀርብ አገልግሎት።

መስመር መሰወሪያ፦ ቁጥሩ እንዳይታይ የሚያደርግ አገልግሎት።

እነዚህ የመጨረሻ ናቸው አንልም። «የደዋይ መስመር ማሳያ» በጠባብ የስልክ ገጽ ላይ ሊረዝም ስለሚችል «መስመር ማሳያ» ብሎ ማሳጠር የሚቻል ይመስለናል። ከአንባብያን የተሻለ ቢቀርብ በደስታ እንቀበላለን። መመሪያ አዘጋጆችን ግን አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለአንዲት ጸሐፊ ይሰጥ፤ አንድ ጥሪ ወደ ሒሳብ ክፍል እንድትልክም ትጠየቅ። የትኛውን አርእስት እንደምትገልጥ ያን ጊዜ ይታያል።