«የሚፈስ ባዶነት»፤ በአንድ የሞተር ጥገና መመሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መመሪያ በመጽሐፍ መልክ የታተመ አይደለም። ለሠልጣኝ መካኒኮች ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ የተርጓሚው ስም ሳይጻፍበት፣ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ጽሑፍ ነው። ርእሰ ጉዳዩ የቮልስዋገን ቢትል፣ ሕዝቡ በአጭሩ ቮልስ የሚላት መኪና፣ የ1600 ሞተር ነው፤ ይኸውም የማስገቢያ ማኒፎልዱ በሌላ ፋብሪካ ሥሪት ሲለወጥ እንዴት እንደሚገጠም፣ ከተገጠመ በኋላም አየር በማይገባበት በኩል ገብቶ ሞተሩን ሲያውከው ቀዳዳው እንዴት እንደሚገኝ ያስረዳል። የዚህች መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ትታያለች፤ ጠጋኝም ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በመጽሔታችን ላይ ሊተች አይገባውም የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፦ በኮሚቴ ተመክሮባቸው የታተሙ የሙያ ቃላት ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያ አይወርዱም፤ ይህ ፎቶ ኮፒ ግን በቅባት እስኪጠቁር ድረስ ይነበባል።

ከቀላሉ እንጀምር። ተርጓሚው ከመጀመሪያው አምራች ውጭ በሌላ ድርጅት የተሠራውን መለዋወጫ «ከገበያ በኋላ የሆነ ማኒፎልድ» ይሉታል። ይህ አማርኛ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጦ ትርጉሙን እዚያው ትቶት የመጣ ነው። አንባቢው የሚረዳው ነገር ቢኖር ዕቃው ገበያ ከተፈታ በኋላ የተገዛ መሆኑን ነው። በጋራዥ ያለው ልማድ በበኩሉ ሌላ ችግር አለበት፤ «ኦሪጅናል» ያልሆነውን ሁሉ «ፎርጅድ» ማለት ይቀናዋል። ነገር ግን በስሙና በምልክቱ የሌላውን ሥራ አስመስሎ የሚሸጥ ዕቃ አንድ ነገር ነው፤ በራሱ ስም የተሠራ ተተኪ ዕቃ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሐቀኛውን አምራች ከአጭበርባሪው ጋር መደመር ይሆናል። እኛ «የሌላ ፋብሪካ ሥሪት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ረዘም ይላል፣ ነገር ግን ለማንም ግልጽ ነው።

«ማኒፎልድ» ራሱስ? ተርጓሚው በመግቢያቸው «ብዝኀ እጥፍ» የሚል ስያሜ ካቀረቡ በኋላ ከሁለተኛው ገጽ ጀምረው ትተውታል። መተዋቸው መልካም ሆኗል። ጣልያንኛውና ፈረንሳይኛው ይህን ክፍል «ሰብሳቢ» በሚል ስም ሲጠሩት፣ ጀርመንኛው «መሳቢያ ቆልማማ» በሚል ዓይነት ስም ይጠራዋል። ጀርመንኛው ቅርጹን አየ፤ እነዚያ ግን ለጭስ ማስወጫው የሚስማማውን ስም ለማስገቢያውም አዋሱት፤ ምክንያቱም ማስወጫው ከየሲሊንደሩ ይሰበስባል እንጂ ማስገቢያው የሚሠራው ማደል ነው። በአማርኛ «አዳይ» ወይም «አከፋፋይ» እንዳንል ደግሞ ተርጓሚው «አከፋፋይ» የሚለውን ቃል ለካንዴላዎች የእሳት ብልጭታ ለሚያድለው ለዲስትሪቢዩተሩ ሰጥተውታል። ስለዚህ «ማኒፎልድ» እንዳለ ይቆይ፣ ሲብራራ ግን «ቅርንጫፍ ቧንቧ» ይባል እንላለን። የውጭ ቃል ስለሆነ ብቻ የምናሳድደው ከሆነ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ቴስታታና ፍሪሲዮን ምን ሊውጣቸው ነው? ከጣልያንኛ መጥተው በመካኒኩ አፍ አማርኛ ከሆኑ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። መመሪያው «ቫኪዩም» የሚለውን «ባዶነት»፣ ከእርሱ ጋር የተጣመረውንም ቃል «መፍሰስ» ብሎ ሁለቱን በማጋጠም «የባዶነት መፍሰስ» የሚል ስያሜ ፈጥሯል። ባዶነት እንዴት ይፈሳል? አንባቢ በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል፤ እኛም መጀመሪያ ፈገግ ብለን ነበር። በኋላ ግን በአንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሠልጣኝ ይህንኑ ገጽ ካነበበ በኋላ ከማኒፎልዱ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ጠብታ ሲጠባበቅ አየን። ጠብታ አልመጣም። ስለዚህም «አያፈስም» ብሎ ደመደመና ጥፋቱን በካርቡሬተሩ ላይ ጣለው። ባለመኪናው የአዲስ ካርቡሬተር ዋጋ ከከፈሉ በኋላ ሞተሩ እንደበፊቱ እየተንገጫገጨ ቀጠለ። የተሰነጠቀው የማኒፎልዱ መጋጠሚያ ላስቲክ ነበር። ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም፤ ያነበበውን በትክክል ነው የፈጸመው።

የቃሉን ጠባይ እንመርምር። እንስራ ያፈሳል፤ ቧንቧ ያፈሳል። በሁለቱም ፈሳሹ ከመያዣው ወደ ውጭ ይሄዳል። እዚህ ላይ «ጣራው ያፈሳል ስንል ውሃው የሚገባው ወደ ውስጥ አይደለምን?» የሚል ጠያቂ ሊነሣ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እንግዲያውስ የግሡ ቁም ነገር የአቅጣጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚታይና የሚያረጥብ ነገር መኖሩ ነው። ጣራው ሲያፈስ የቤቱ ባለቤት ወለሉን ያያል። አየርን በሚመለከት ግን አማርኛ ይህን ግሥ አይጠቀምም። ጎማ «ያስተነፍሳል» ወይም «ተነፈሰ» ይባላል እንጂ ማንም «ጎማው አየር አፈሰሰ» ሲል አልሰማንም። ያም ቢሆን ወደ ውጭ ለሚወጣ አየር የተሰጠ ቃል ነው። ለተቃራኒው፣ ማለትም አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ባለሙያው «አየር ይስባል» ወይም «አየር ገባበት» ይላል። ቋንቋው ልዩነቱን አስቀድሞ አውቆታል፤ ያላወቀው ትርጉሙ ነው።

ስለዚህ ለግሡ «አየር ይስባል» የሚለውን እንቀበላለን። ለስሙ ምን እንበል? «ሰርጎ ገብ አየር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሰምተናል። ትክክለኛ ቢሆንም የቃሉ የቅርብ ዘመን ታሪክ ከሞተር ይልቅ ከመሣሪያና ከፍተሻ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በጋራዥ ውስጥ ሲሰማ ያስደነግጣል። ከዚያው ሥር የወጣው «ስርገት» ግን ውሃ በአፈር ውስጥ ለሚያደርገው ጉዞ ሲነገር የቆየ ነው፤ «የአየር ስርገት» ብንል ማለፊያ ስያሜ ይሆናል።

የስያሜው ልዩነት ተራ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የዚሁ ሞተር አሠራር ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ወዲህ በነበረው ባለ ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ ላይ የሚገጠመው ማኒፎልድ በሦስት ይከፈላል። መካከለኛው ካርቡሬተሩን ይሸከማል፤ ሁለቱ የአሉሚኒየም ጫፎች ከግራና ከቀኝ ቴስታታዎች ጋር ይታሰራሉ፤ መካከለኛውንና ጫፎቹን የሚያገናኟቸው ላስቲኮች ናቸው። ከመካከለኛው ክፍል ጋር ተበይዶ የሚሄድ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ደግሞ አለ። ይህኛው የሞተሩን ትኩስ ጭስ ከካርቡሬተሩ ሥር እያሳለፈ የሚገባውን ድብልቅ ያሞቃል፤ ካርቡሬተሩም በረዶ እንዳይሠራ ያደርጋል። እነሆ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ አንደኛው ቢሰነጠቅ ጭስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሁለተኛው ቢሰነጠቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ጭሱ የሚወጣበት ጥላሸት ይተዋል፣ ይሸታልም። አየር የሚገባበት ግን ምንም አይተውም፤ ቢበዛ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። መመሪያው ሁለቱንም «መፍሰስ» ሲል፣ በዚያ ላይ ሁለቱንም ቧንቧ በደፈናው «ማኒፎልድ» ሲል፣ አንባቢው የትኛውን በዓይን የትኛውን በጆሮ መፈለግ እንዳለበት በምን ይወቅ?

«ባዶነት» የሚለው ቃል ሌላም መዘዝ አለው። ባዶ የትም ቢሆን ባዶ ነው፤ ቃሉ ከአንድ ነገር ጋር የሚነጻጸር መጠን አያመለክትም። («ኦና» የሚሉም አሉ፤ እኛን ግን ሰው የለቀቀው ቤት ነው የሚታየን።) በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግን ባዶነት ሳይሆን ከውጭው አየር ጋር ሲነጻጸር የጎደለ ግፊት ነው። ተርጓሚው ከምንጩ እንዳለ እንደገለበጡት፣ ጤነኛ ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ መለኪያው ከ43 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር የሜርኩሪ ማንበብ አለበት። ይህ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን 57 ገደማ ብቻ ነው። በተለመደው ስሌት ለየ300 ሜትሩ ከፍታ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚቀነስ፣ እዚህ የጤነኛ ሞተር ንባብ ከ24 እስከ 37 አካባቢ ይወርዳል። በመመሪያው የሚመራ ሰው እንግዲህ የከተማይቱን ቮልሶች በሙሉ በሽተኞች ናቸው ብሎ ሊፈርድ ነው። ስያሜው «የግፊት ጉድለት» ቢሆን ኖሮ አንባቢው «ከምን የጎደለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር። «ቫኪዩም» በመለኪያው ላይ ስለተጻፈ ስሙ ይቆይ፤ ትርጓሜው ግን «የግፊት ጉድለት» ይሁን።

ስለ ድብልቁ የተባለው ደግሞ እንዲህ ነው። አየር የበዛበትን ድብልቅ መመሪያው «ደካማ»፣ ቤንዚን የበዛበትን «ሀብታም» ይለዋል። «ሀብታም» የሚለውን ለማንም ፍርድ እንተወዋለን። ወጥ ቤት ብንገባ ግን ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ ውሃ የበዛበት ወጥ ቀጠነ፣ ያነሰበት ወፈረ ይባላል። ድብልቁም አየር ሲበዛበት ቀጠነ፣ ሲያንስበት ወፈረ ቢባል ምን ይጎድለዋል? በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ድብልቁ በራሱ ስለሚወፍር፣ በአዲስ አበባ ጥቂት የአየር ስርገት ሊሸሸግ ይችላል፤ መኪናዋ ወደ አዋሽ ቆላ ስትወርድ ነው ጉዱ የሚታየው። «በደጋ ወፍሮ በቆላ ቀጠነ» የሚለውን ማንኛዋም ባለሙያ ሴት ሆነ ማንኛውም መካኒክ ሳይብራራለት ይረዳዋል።

በገጠማው ምዕራፍ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ከሞላ ጎደል መልካም ነው። ቅደም ተከተሉ በትክክል ተቀምጧል፦ ሁሉም ክፍል መጀመሪያ ላላ ተደርጎ በየቦታው ይቀመጣል፤ ከዚያ ጫፎቹ ከቴስታታዎቹ ጋር፣ ቀጥሎ የጭሱ ቧንቧ፣ በመጨረሻም የላስቲኮቹ ማሰሪያዎች ይጠብቃሉ። የሌላ ፋብሪካ ሥሪት ከሆነ ገጹ ጠፍጣፋ መሆኑን በቀጥ ያለ ብረት ማረጋገጥ እንደሚገባ፣ የቧንቧው ርዝመት ጥቂት ቢያጥር ላስቲኩ ተወጥሮ ቶሎ እንደሚሰነጠቅም ተገልጿል። ነገር ግን አንዱን ዕቃ በአንድ ገጽ «ማሸጊያ»፣ በሌላው «ንጣፍ»፣ በሦስተኛው «ጋስኬት» ማለታቸው ሠልጣኙን ሦስት ዕቃ ያስፈልገዋል። መካኒኩ የሚያውቀው «ጓርኒሲዮን» እያለ!

እዚሁ ላይ የፊደላችን የቆየ ጉድለት ይመጣል። «ብሎኑ እስኪጠብቅ» የሚለው ሐረግ «በ» ላልታ ሲነበብ ማሰርን፣ ጠብቃ ስትነበብ መቆየትን ያመለክታል፤ ጽሑፉ ላይ ግን ሁለቱ አይለዩም። ቀጥሎ የሚመጣው «5 ደቂቃ ይጠብቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲሆን ግራ መጋባቱ ይብሳል። ለትእዛዝ «አጥብቅ» እና «ቆይ» የሚሉት ሁለት ቃላት ቢለዩ፣ የማጥበቂያው ኀይልም በቁጥር፣ በዚህ ዳዶ ላይ 20 ኒውተን ሜትር ያህል ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው ከጥርጣሬ ይድናል።

ሳንጠቅሰው ማለፍ የማይገባን አንድ ስፍራ ቀርቷል። ስርገቱን ለማግኘት በሚሠራ ሞተር መጋጠሚያዎች ላይ «ማጽጃ ፈሳሽ» እየረጩ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ እንደሚገባ መመሪያው ያዛል። የእንግሊዝኛው ምንጭ በጣሳ የሚሸጠውን የካርቡሬተር ማጽጃ ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እርሱም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው። በአገራችን ጋራዦች ግን «ማጽጃ» ሲባል በጣሳ የተቀመጠ ቤንዚን ሊያመጣ የሚነሣ አለ፤ የሚረጨውም ከዚያው ትኩስ የጭስ ቧንቧ አጠገብ ነው። በሚቀጥለው ቅጂ ላይ ይህ ቃል ተሰርዞ «ውሃ በመርጫ» ተብሎ ይተካ ዘንድ፣ ጽሑፉ በእጃቸው ያለም በብዕር እንዲያርሙት እናሳስባለን። ውሃው ወደ ስንጥቁ ሲሳብ ለጊዜው ይደፍነዋልና የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።