ካህን በሌለበት፤ «ፍጹም ጸጸት» ስለሚባለው ትምህርት

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ስርየት የሚያገኝበት መደበኛው መንገድ ለካህን መናዘዝ ነው። ካህን ባይገኝስ? እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1551 ዓ. ም. የትሬንቶ ጉባኤ መልሱን ሰጥቶበታል፤ ይኸውም ከእግዚአብሔር ፍቅር የመነጨ ጸጸት ሰውየው ከመናዘዙ በፊት ከአምላኩ ጋር ያስታርቀዋል፤ ነገር ግን በጸጸቱ ውስጥ የመናዘዝ ፈቃድ ሊኖር ይገባል የሚል ነው። በ2012 ዓ. ም. የኮሮና በሽታ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ባዘጋ ጊዜ፥ የንስሐን ጉዳይ የሚመለከተው የቫቲካን መሥሪያ ቤት መጋቢት 11 ቀን ይህንኑ ለምእመናን አስታውሷል።

ትምህርቱን ለመመዘን ከሮማ ይልቅ የወሎን ደጋ ማሰብ ይጠቅማል። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ የቦረና አገር እየወረደ ከዓባይ ሸለቆ ይገባል። የዚያ አገር ክርስቲያን በብዛት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ስለ ሆነ በትሬንቶ ውሳኔ አይተዳደርም። ሆኖም በክረምት ሌሊት በሽተኛው ጣር ይዞት፥ የነፍስ አባቱ ከሞላ ወንዝ ማዶ ቢሆኑ ጥያቄው ያው ነው።

የምነቅፈው ትምህርቱን ሳይሆን አጠራሩን ነው። «ፍጹም» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው የዕንባ ብዛትና የሐዘን ጥልቀት ይመስለዋል፤ «እኔ ደካማው ከወዴት አመጣዋለሁ?» ብሎም ተስፋ ይቈርጣል። ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ምክንያት ነው። ገሃነምን ብቻ ፈርቶ የተጸጸተ ሰው ጸጸቱ ጐደሎ ይባላል፤ የሚወደውን አምላክ ስለ በደለ የተጸጸተ ግን ዕንባ ባይወጣውም ጸጸቱ ፍጹም ነው። እንግዲያስ «የፍቅር ጸጸት» ቢባል ይሻል ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ካህን ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፥ ወንዙ ሲጐድል ለመናዘዝ የማይፈቅድ ሰው ጸጸቱ ከመነሻው የተባለው ጸጸት አይደለም። ሁለተኛ፥ ይኸው ጉባኤ በ1547 እንዳስተማረው ማንም ጸጋ ማግኘቱን በማይሳሳት የእምነት እርግጠኝነት አያውቅም፤ የራሱን ልብ መርምሮ የማይጨርስ ሰው «ይፍታህ» የሚለውን ቃል ከሌላ አፍ መስማት ያሻዋል።

የሚቀረው ጉድለት የመምህራን ነው። ይህ ትምህርት የተሰጠው ካህን ለማይደርስበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚያስረዳ መምህርም አይኖርም። ስለዚህ ሰው በጤናው ሳለ፥ መንገዱም ክፍት ሳለ፥ አስቀድሞ ሊማረው ይገባል።