ዓይን እስኪለምድ

የጥንት የዓለት ስዕሎች ያሉበት ላስ ጌል ደርሼ የመጀመሪያው የዓለት ጥላ ሥር ስቆም አፌን እዘጋለሁ። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ማስጎብኘት የጀመርኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ሲሆን እዚያ ሙያችን የሚለካው በአንደበት ነበር። እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ ጠባብ መንገድ የሚነገር ነገር ስላለው እንግዳው ሳይጠይቅ ታወራለታለህ።

ኑሮዬን ሐርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር ካደረግሁ በኋላ አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣች። እኔም ያንኑ ልማዴን ይዤ ወደ ላስ ጌል ወሰድኳት። በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓለቱን እስክንወጣ ድረስ ስዕሎቹ 5 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ለውጭው ዓለም እንዳስተዋወቋቸው፣ ድሬዳዋ አካባቢ ካሉት የለገ ኦዳ ስዕሎች ጋር እንደሚዛመዱ ነግሬ ጨረስኩ። ስንመለስ አክስቴ በትሕትና «ጥሩ ነው፤ ግን ላሞቹ የታሉ?» አለችኝ። ጆሮዋን ሞልቼ ዓይኗን ጾም አሳድሬው ነበር።

ከፀሐይ ወደ ጥላ የገባ ዓይን ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚታየው የፈሰሰ ቀይ አፈር የሚመስል ነገር ነው። ቆይቶ ቀንድ ይወጣል፤ ከቀንዱ ሥር በነጭና በቀይ መስመር ያጌጠ ሰፊ አንገት፤ ከዚያ ጡቷ፤ ከአጠገቧ እጁን ዘርግቶ የቆመ ትንሽ ሰው። አንዷ ከታየች በኋላ ግን ጣሪያው በሙሉ መንጋ ይሆናል። ያችን የመጀመሪያዋን ላም እንግዳው ራሱ ማግኘት አለበት። በጣቴ ካሳየሁት ላሟ የእኔ ሆና ትቀራለች።

ዘንድሮ ለፋሲካ እናቴ ከጅጅጋ፣ ወንድሜ ከነባለቤቱና ከነልጁ ከአዲስ አበባ በቶጎ ውጫሌ በኩል መጡ። ሐርጌሳ የምታርፈው ዓርብ ስለሆነ ስቅለት በዕረፍት ቀን ይውላል፤ ፋሲካ ግን የሥራ ቀን ነው። እዚህ በዓልን የሚያስጎበኝ ሰው ሁለት ሳምንት በአንድ ራስ ይዞ ማሰብ አለበት። የላስ ጌልን ፈቃድ ሐሙስ ካላወጣሁ ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው። ወቅቱ ደግሞ ሶማሌዎች «ጉ» የሚሉት የበልግ ዝናብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከዘነበ ደረቁ ወንዝ በድንገት ይሞላል። ስለዚህ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ወጣን።

ዓርብ ከሰዓት መሀል ከተማ፣ ከፍ ካለ መደብ ላይ የቆመውን ሚግ አውሮፕላን አሳየኋቸው። እዚህ ዝምታዬ አይሠራም። ያልተነገረው ሰው የድል ጌጥ ይመስለዋል፤ የወንድሜ ልጅም ፎቶ ሊነሣ ሮጦ ነበር። እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች በ1988 እ.ኤ.አ. ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ይደበድቡ እንደነበር ነገርኩት። ሕዝቡ ወዴት እንደሸሸ ልቀጥል ስል እናቴ ቀደመችኝ። ያኔ ጅጅጋ ነበረች። ሐርተሼክ መጠለያ ስለሰፈረው ሕዝብ፣ ውሃ ፍለጋ ጀሪካን ይዘው ስለሚውሉ እናቶች፣ እሷ ራሷ እንጀራ ያካፈለቻት ነፍሰ ጡር የት እንደደረሰች ዛሬም እንደምታስብ ተናገረች። ሃያ ዓመት በሙያው ስቆይ እዚያ ቦታ ላይ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ልጁ ፎቶውን ተወው። ወደ ቤት ስንመለስ ሰፈሬ ለምን በቀን እንደሚጠራ ጠየቀኝ። 26 ጁን 1960 ይህ ምድር ከእንግሊዝ ነጻ የወጣበት ቀን ነው፤ በእኛ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም.።

በማግሥቱ ላስ ጌል ላይ ከሁሉም ቀድማ ላሟን ያገኘችው እናቴ ናት። ረጅም ጊዜ ቆመች። «ይቺስ የታለበች ናት» አለች በመጨረሻ። ጡቷን አይታ ነው። ስለዚህ ስዕል ብዙ አንብቤያለሁ፤ ላም አልባ ያደገ ዓይን ግን ይህን ቶሎ አያይም።

እሑድ ጎረቤቶቻችን ወደ ሥራ ሲወጡ እኛ ፈሰክን። ዶሮ ወጡ የእኛ ብቻ ነው፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንደማይቀላቀል እናቴ ከጅጅጋ ጉርብትናዋ ታውቃለችና ለጎረቤቴ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ላከች። ማታ ጎረቤቴ ሳህኑን ሐልዋ ሞልታበት ራሷ ይዛ መጣች፤ ሻይ ተቀዳላት። ሐርጌሳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ላስ ጌልን ግን አላየችም። እናቴ የገበያ ሶማሊኛዋን ከአማርኛ እየቀላቀለች ትነግራት ጀመር። «ሎ» ትላለች፣ ቃል ሲያጥራት የራሷን አንገት ይዛ በጣቷ መስመር ታሰምርበታለች፣ ከዚያ እጇን እንደ ትንሹ ሰው ትዘረጋለች። ጎረቤቴ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ላስተረጉምላቸው ብድግ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።